ምርጥ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ቅጥሮች

ምርጥ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ቅጥር ማለት በአሜሪካ አንድ ኮሌጅ ወይም ዩኒቨርሲቲ ለቅርጫት ኳስ ቡድኑ ዋና አሰልጣኝ በመረጠ ጊዜ ያደረገው፣ ኋላም ለቡድኑና ለትምህርት ቤቱ ከሁሉ የላቀ ጥቅም ያስገኘ ውሳኔ ነው። የትኛው ቅጥር ከሁሉ ይበልጣል የሚለው ጥያቄ በስፖርቱ ተከታታዮች ዘንድ ከቆዩ ክርክሮች አንዱ ነው። ክርክሩ ስለ ምርጥ አሰልጣኝ ከሚደረገው ይለያል። ታላቅ አሰልጣኝ ሁሉ ታላቅ ቅጥር አይደለም፤ ዝናው የወጣለትን ሰው በብዙ ገንዘብ ማምጣት አንድ ነገር ሲሆን፣ ማንም ያላወቀውን ሰው አይቶ መምረጥ ሌላ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ቅጥሩ ለምን ከባድ ሆነ

የአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት አብዛኛው የሚመራው ኤን.ሲ.ኤ.ኤ. ተብሎ በሚታወቀው ብሔራዊ የኮሌጆች አትሌቲክስ ማኅበር ነው። በከፍተኛው ደረጃ፣ ማለትም በአንደኛ ዲቪዚዮን፣ ከ350 በላይ ትምህርት ቤቶች በቅርጫት ኳስ ይወዳደራሉ። በየዓመቱ በመጋቢት ወር በሚጀመረው የጥሎ ማለፍ ውድድር ግን የሚካፈሉት በወንዶችም በሴቶችም 68 ቡድኖች ብቻ ናቸው። በዚህ ውድድር እስከ መጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች መድረስ እንኳ ለአንድ ትምህርት ቤት ትልቅ ክብር ነው።

በኮሌጅ ቅርጫት ኳስ የአሰልጣኙ ድርሻ ከፕሮፌሽናሉ ይሰፋል። የፕሮፌሽናል ቡድን ተጫዋች የሚያገኘው በዕጣ፣ በግዢና በልውውጥ ሲሆን ለዚህ ሥራ የተመደበ ሌላ ኃላፊ አለው። በኮሌጅ ግን አሰልጣኙ ራሱ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎችን ይመለምላል፤ ቤታቸው ድረስ ሄዶ ወላጆቻቸውን ያሳምናል። ተጫዋቹ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስለሚመረቅ ወይም ስለሚሄድ ሥራው በየዓመቱ እንደ አዲስ ይጀመራል። ስለዚህ ተጫዋቹ ሲቀያየር በቦታው የሚቆየው፣ ቡድኑም በስሙ የሚጠራው አሰልጣኙ ነው።

ቀጣሪው ብዙውን ጊዜ የትምህርት ቤቱ የስፖርት ክፍል ኃላፊ ሲሆን የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ያጸድቀዋል። ጉዳዩ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችንም ስለሚመለከት ክርክሩ ከስፖርት ያለፈ ነው፤ በበርካታ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ከመንግሥት ሠራተኞች ሁሉ ከፍተኛው ተከፋይ የአሜሪካ እግር ኳስ ወይም የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ነው። አሰልጣኙ ውሉ ሳያልቅ ቢሰናበት ብዙ ጊዜ ትምህርት ቤቱ የቀረውን ገንዘብ መክፈል ይኖርበታል። የተሳሳተ ቅጥር ስለዚህ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል፤ አንድ ጊዜ ለሚሄደው፣ አንድ ጊዜ ለሚተካው።

መለኪያዎቹ

ተከራካሪዎች የማይስማሙት በአብዛኛው የተለያየ መለኪያ ስለሚይዙ ነው። በብዛት የሚነሡት አምስት ናቸው።

የመጀመሪያው የዋንጫና የድል ብዛት ነው። ለመቁጠር ቀላል ቢሆንም ቀድሞም ሀብታምና ዝነኛ ለሆኑ ትምህርት ቤቶች ያደላል። ሁለተኛው የመነሻው ዝቅታ ነው፤ አሰልጣኙ ቡድኑን ከየት ተነሥቶ የት አደረሰው ማለት ነው። ሦስተኛው የቅጥሩ አርቆ አሳቢነት ሲሆን፣ በዕለቱ ሌሎች ያላዩትን ቀጣሪው አይቷል ወይ ብሎ ይጠይቃል። አራተኛው የቆይታው ርዝመት ነው፤ ሦስት ዓመት አብርቶ የሄደ ሰው ሠላሳ ዓመት ከገነባ ሰው ጋር እኩል ይቆጠራል ወይ? አምስተኛው ከሜዳ ውጭ ያለው ውጤት ነው። ተጫዋቾቹ ተመርቀዋል ወይ፣ ቡድኑ ደንብ ጠብቋል ወይ፣ ከእጁ ሌሎች አሰልጣኞች ወጥተዋል ወይ የሚሉት ጥያቄዎች እዚህ ይገባሉ።

ተደጋግመው የሚጠቀሱ ቅጥሮች

ጆን ዉደን፣ ዩ.ሲ.ኤል.ኤ.፣ 1948

በዋንጫ ብዛት ለሚመዝን ሰው ክርክሩ የሚያልቀው እዚህ ነው። የሎስ አንጀለሱ ዩ.ሲ.ኤል.ኤ. ዉደንን ያመጣው ኢንዲያና ስቴት ከተባለ አነስተኛ ትምህርት ቤት ነበር። ዉደን ራሱ ደጋግሞ እንደተናገረው ልቡ ያዘነበለው ወደ ሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ነገር ግን ከሚኔሶታ ሊደወልለት በተቀጠረው ሰዓት የበረዶ ማዕበል የስልክ መስመሩን በማቋረጡ፣ እንደተዉት ቆጥሮ ለዩ.ሲ.ኤል.ኤ. ቃሉን ሰጠ። ሚኔሶታዎች ዘግይተው ሲደውሉ ቃሉን ማጠፍ አልፈለገም።

ቡድኑ በጊዜው በቂ አዳራሽ ስላልነበረው በአንዲት ጠባብ ጂምናዚየም ይለማመድ ነበር፤ ዉደንም ወለሉን ራሱ ይወለውል ነበር። የመጀመሪያውን ብሔራዊ ዋንጫ ያነሣው በ16ኛው የውድድር ዘመኑ በ1964 ነው። ከዚያ እስከ 1975 ባሉት 12 ዓመታት 10 ዋንጫዎችን ወሰደ፤ ከእነዚህ ውስጥ ሰባቱ፣ ከ1967 እስከ 1973 ያሉት፣ ተከታታይ ናቸው። ከ1971 እስከ 1974 ደግሞ ቡድኑ 88 ጨዋታዎችን በተከታታይ አሸንፏል። ኋላ ከሪም አብዱልጃባር የተባለው ሉ አልሲንዶርና ቢል ዋልተን ከተጫዋቾቹ መካከል ነበሩ።

ዉደን ወደ ሎስ አንጀለስ ከመሄዱ በፊት የሠራው ሥራም ይጠቀሳል። በ1947 የኢንዲያና ስቴት ቡድን ወደ አንድ ብሔራዊ ውድድር ሲጋበዝ፣ ደንቡ ክላረንስ ዎከር የተባለውን ጥቁር ተጫዋቹን ስለሚከለክል ግብዣውን አልተቀበለም። በተከታዩ ዓመት ደንቡ ሲሻሻል ዎከርን ይዞ ሄዷል።

የዚህ ቅጥር ተቃዋሚዎች ሁለት ነገር ያነሣሉ። አንደኛ፣ የዕድል እጅ አለበት፤ በረዶው ባይጥል ኖሮ ታሪኩ ሌላ ነበር። ሁለተኛ፣ ለተጫዋቾቹ ያልተፈቀደ ጥቅም ይሰጥ ነበር የተባለ ባለሀብት ደጋፊ ጉዳይ ዉደን ጡረታ ከወጣ በኋላ በ1981 ትምህርት ቤቱን ለቅጣት ዳርጓል።

ዲን ስሚዝ፣ ሰሜን ካሮላይና፣ 1961

ሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ በ1961 በምልመላ ደንብ መጣስ ተቀጥቶ ነበር። ዋናው አሰልጣኝ ፍራንክ መጓየር ሲለቅ፣ የዩኒቨርሲቲው ቻንስለር ዊሊያም ኤይኮክ ገና የ30 ዓመት ሰው የነበረውን ረዳቱን ዲን ስሚዝን ሾመ። ስሚዝ የመጀመሪያውን ዓመት በ8 ድልና በ9 ሽንፈት ጨረሰ። በ1965 መጀመሪያ ላይ ቡድኑ ከሽንፈት ሲመለስ ተማሪዎች የስሚዝን ምስል በገመድ ሰቅለው ጠበቁት፤ ምስሉን ያወረደው ተጫዋቹ ቢሊ ከኒንግሃም ነበር።

ዩኒቨርሲቲው አላሰናበተውም። ስሚዝ እስከ 1997 ሠርቶ በ879 ድል ጡረታ ሲወጣ ቁጥሩ በወንዶች አንደኛ ዲቪዚዮን ከሁሉ የበለጠ ነበር። በ1982 እና በ1993 ዋንጫ ያነሣ ሲሆን 11 ጊዜ ለመጨረሻዎቹ አራት አልፏል። ቻርሊ ስኮትን በመመልመል ሰሜን ካሮላይና ለጥቁር ተጫዋች የመጀመሪያውን የቅርጫት ኳስ ነፃ የትምህርት ዕድል እንዲሰጥ አድርጓል።

ማይክ ሸሼፍስኪ፣ ዱክ፣ 1980

በአርቆ አሳቢነት መለኪያ ብዙዎች የሚያስቀድሙት ይህን ነው። ሸሼፍስኪ በዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ በቦብ ናይት ሥር የተጫወተ፣ ኋላም ያንኑ ቡድን ያሠለጠነ ሰው ነው። ዱክ ሲቀጥረው የጨረሰው የመጨረሻ ዓመት 9 ድልና 17 ሽንፈት ነበር። የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ቶም በተርስ ስሙን ለመጥራት እንኳ የሚያስቸግረውን የ33 ዓመት ሰው ሲመርጥ ጋዜጠኞች ተገረሙ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ለትችቱ ማረጋገጫ መሰሉ፤ ድምሩ 38 ድልና 47 ሽንፈት ሆነ። ሦስተኛው ዓመት የተዘጋው በቨርጂኒያ 109 ለ66 በመሸነፍ ነበር። ደጋፊዎች ይሰናበት ሲሉ በተርስ በጥር 1984 ውሉን በአምስት ዓመት አራዘመለት። ሸሼፍስኪ በ1991፣ በ1992፣ በ2001፣ በ2010 እና በ2015 ዋንጫ አነሣ። በ2022 ጡረታ ሲወጣ 1,202 ድሎች የነበሩት ሲሆን 13 ጊዜ ለመጨረሻዎቹ አራት በማለፍ የዉደንን 12 በልጧል።

ጆን ቶምፕሰን፣ ጆርጅታውን፣ 1972

በዋሽንግተን ዲሲ የሚገኘው ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ከቶምፕሰን በፊት በነበረው ዓመት 3 ጊዜ ብቻ አሸንፎ 23 ጊዜ ተሸንፎ ነበር። ቶምፕሰን የተመረጠው በዚያው ከተማ ከሚገኝ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ ቡድኑ ለፍጻሜ ደረሰ፤ በ1984 ደግሞ ቶምፕሰን የወንዶችን አንደኛ ዲቪዚዮን ዋንጫ ያነሣ የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሰልጣኝ ሆነ። በቢሮው አየር የሌለው ኳስ ያስቀምጥ ነበር፤ ለተጫዋቾቹ ኳሱ አንድ ቀን እንደሚተነፍስና ከዚያ በኋላ ትምህርታቸው ብቻ እንደሚቀር ለማሳሰብ ነው። በጥር 1989 ደግሞ ከትምህርት ብቃት ጋር የተያያዘ አዲስ የማኅበሩን ደንብ በመቃወም ጨዋታ ሊጀመር ሲል ከሜዳ ወጥቶ ሄደ። ደንቡ ድሆች ተማሪዎችን፣ በተለይም ጥቁሮችን፣ ከነፃ የትምህርት ዕድል ያስወጣል ብሎ ያምን ነበር።

ፓት ሳሚት፣ ቴኔሲ፣ 1974፤ ጂኖ ኦሪየማ፣ ኮኔቲከት፣ 1985

የክርክሩ ዝርዝሮች ለረጅም ጊዜ የሴቶችን ቡድኖች ይዘሉ ነበር። ቢካተቱ ግን የደረጃው አናት ይለወጣል።

ሳሚት የቴኔሲን የሴቶች ቡድን የተረከበችው በ22 ዓመቷ፣ ለረዳትነት መጥታ ሳለ ዋናዋ አሰልጣኝ በመልቀቋ ነው። ደመወዟ በወር 250 ዶላር ነበር። የተጫዋቾቿን መለያ ራሷ ታጥብ፣ መኪናውንም ራሷ ትነዳ ነበር። በ2012 የመርሳት ሕመም አስገድዷት ሥራዋን ስትተው 8 ብሔራዊ ዋንጫዎችና 1,098 ድሎች ነበሯት። ያረፈችው በ2016 ነው።

በጣሊያን ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የመጣው ኦሪየማ ደግሞ በቨርጂኒያ ረዳት አሰልጣኝ ነበር። ኮኔቲከት ሲቀጥረው የሴቶች ቡድኑ ከዚያ በፊት ከሽንፈት የበለጠ ድል ያገኘው በአንድ የውድድር ዘመን ብቻ ነበር። የኦሪየማ የመጀመሪያ ዓመት በ12 ድልና በ15 ሽንፈት ተዘጋ፤ ከዚያ ወዲህ ከድል የበለጠ ሽንፈት አይቶ አያውቅም። እስከ 2025 ድረስ 12 ዋንጫዎችን የወሰደ ሲሆን በ2017 የተቋረጠው የ111 ጨዋታዎች ተከታታይ ድልም የእርሱ ቡድን ነው። ዋንጫንና የመነሻን ዝቅታ አንድ ላይ ለሚመዝን ሰው ይህን ቅጥር መብለጥ ያስቸግራል።

ዶን ስቴሊ፣ ደቡብ ካሮላይና፣ 2008

ስቴሊ ዝነኛ ተጫዋችና የኦሎምፒክ ባለ ወርቅ ስትሆን ከቴምፕል ዩኒቨርሲቲ ነው የመጣችው። የመጀመሪያ ዓመቷ 10 ድልና 18 ሽንፈት ነበር። በ2017፣ በ2022 እና በ2024 ዋንጫ ያነሣች ሲሆን የ2024ቱን ቡድኗን 38 ጨዋታ ያለ ሽንፈት አስጨርሳለች።

ማርክ ፊው፣ ጎንዛጋ፣ 1999

ጎንዛጋ በስፖኬን ከተማ የሚገኝ አነስተኛ የኢየሱሳውያን ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1999 አሰልጣኙ ዳን መንሰን ቡድኑን ለስምንቱ ካደረሰ በኋላ ወደ ሚኔሶታ ሲሄድ ረዳቱ ፊው ተተካ። ውድድሩ በወረርሽኝ ምክንያት ከተሰረዘበት ከ2020 በቀር ቡድኑ ከዚያ ወዲህ ውድድሩን አምልጦት አያውቅም፤ በ2017 እና በ2021 ለፍጻሜ ደርሷል። ዋንጫ ባይኖረውም ስሙ በክርክሩ የሚነሣው በመነሻውና በቆይታው ነው።

ያልተሳኩ ቅጥሮች

የተሳኩትን ብቻ ማየት ያሳስታል፤ በተመሳሳይ ምክንያት የተቀጠሩ ብዙዎች አልተሳካላቸውም። ከሚደጋገሙት ዓይነቶች አንዱ የቀድሞ ኮከብን መመለስ ነው። የ1984ቱ የጆርጅታውን ምሰሶ ፓትሪክ ዩዊንግ በ2017 አሰልጣኝ ሆኖ ሲመለስ ደስታው ትልቅ ነበር። ቡድኑ በ2021 የምድቡን የጥሎ ማለፍ ውድድር ቢያሸንፍም በተከታዩ ዓመት በምድቡ 19 ጨዋታ ተጫውቶ 19ኙንም ተሸነፈ። ዩዊንግ በ2023 በ75 ድልና በ109 ሽንፈት ተሰናበተ። ሁለተኛው ዓይነት ታላቅ ሰው መተካት ነው። ጂን ባርቶው በ1975 ዉደንን ተክቶ በሁለት ዓመት 52 ጊዜ አሸነፈ፣ 9 ጊዜ ብቻ ተሸነፈ። ይህ በሌላ ቦታ ወርቅ ነው፤ በዩ.ሲ.ኤል.ኤ. ግን የደጋፊውን ቅሬታ አላቆመም፣ ባርቶውም ለቆ ሄደ። ሦስተኛው ዋንጫ አምጥቶ የማይጸና ቅጥር ነው። ሉዊቪል በ2013 ያነሣው ዋንጫ በደንብ ጥሰት ምክንያት በ2018 ከመዝገብ ተሰርዟል።

ትዕግሥትና የኋላ ዳኝነት

ከላይ ከተዘረዘሩት መካከል ስሚዝ፣ ኦሪየማና ስቴሊ የመጀመሪያ ዓመታቸውን ከድል ይልቅ በሽንፈት ዘግተዋል፤ ሸሼፍስኪም ሦስት ዓመት ተቸግሯል፣ ዉደን ዋንጫ እስኪያገኝ 15 የውድድር ዘመን አልፏል። ከዚህ ተነሥተው አንዳንዶች ዋናው ነገር ትዕግሥት ነው ይላሉ። ድምዳሜው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በትዕግሥት ተጠብቀው ያልተሳካላቸው አሰልጣኞች ስማቸው ስለተረሳ በምሳሌነት አይጠቀሱም። ጆርጅታውን ለዩዊንግ ስድስት ዓመት ሰጥቶታል።

በሌላ በኩል ክርክሩ የሚካሄደው ሁልጊዜ ውጤቱ ከታወቀ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ዛሬ የበተርስን ጥበብ ማድነቅ ቀላል ነው። ጥሩ ውሳኔና ጥሩ ውጤት አንድ አይደሉም፤ በደንብ የታሰበበት ቅጥር በተጫዋች ጉዳት ወይም በአንድ ጨዋታ ሊበላሽ ይችላል፣ በግዴለሽነት የተደረገውም ሊሳካ ይችላል። ስለዚህ ጠንቃቃ ተከራካሪዎች ሁለት ጥያቄዎችን ይለያሉ፤ ቀጣሪው በዕለቱ ምን ያውቅ ነበር? ሌላ ሰው ቢቀጠር ኖሮስ ምን ይሆን ነበር? ሁለተኛው መልስ የሌለው በመሆኑ ክርክሩም ማብቂያ የለውም።

ዕድሉን ማን ያገኛል

ምርጥ ቅጥር የሚመረጠው ዕድል ካገኙት መካከል ብቻ ነው። ቶምፕሰን በተቀጠረበት በ1972 በትልልቅ ትምህርት ቤቶች ጥቁር ዋና አሰልጣኞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በዚያው ዓመት በትምህርት ተቋማት የጾታ አድልዎን የሚከለክለው ሕግ ወጣ። ሕጉ ለሴት ተጫዋቾች በር ቢከፍትም ያልታሰበ ውጤት አስከተለ። በዚያን ጊዜ በሁሉም የስፖርት ዓይነቶች ከሴቶች ቡድን አሰልጣኞች ከ90 በመቶ በላይ ሴቶች ነበሩ፤ ደመወዙና ክብሩ ሲያድግ ግን ወንዶች ወደ ሥራው በመግባታቸው ድርሻቸው ከግማሽ በታች ወርዷል። በአንጻሩ የወንዶችን ቡድን የምትመራ ሴት በአንደኛ ዲቪዚዮን አልተለመደችም። ሳሚት ይህን ሥራ እንድትወስድ በቴኔሲ ጥያቄ ቢቀርብላትም አልተቀበለችም።

የተጫዋች ክፍያና የዝውውር ዘመን

ከሐምሌ 2021 ጀምሮ የኮሌጅ ተጫዋቾች ከስማቸውና ከምስላቸው ገቢ ማግኘት ተፈቅዶላቸዋል። በዚያው ዓመት ተጫዋች ትምህርት ቤት ሲቀይር አንድ ዓመት ከጨዋታ ውጭ እንዲቀመጥ የሚያስገድደው ደንብም ላላ። በ2025 የጸደቀ የፍርድ ቤት ስምምነት ደግሞ ትምህርት ቤቶች ራሳቸው ለስፖርተኞቻቸው እንዲከፍሉ ፈቅዷል፤ ለመጀመሪያው ዓመት የተቀመጠው ጣሪያ በትምህርት ቤት ወደ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነው።

ይህ መለኪያውን ቀይሮታል። ቀድሞ አሰልጣኝ ተጫዋችን በአራት ዓመት ውስጥ ያሳድግ ነበር፤ አሁን በየጸደዩ ቡድኑን ሊያጣ ወይም አዲስ ሊሰበስብ ይችላል። በ2019 ቨርጂኒያን ለዋንጫ ያበቃው ቶኒ ቤኔት በጥቅምት 2024፣ የውድድር ዘመኑ ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩት፣ ለአዲሱ አሠራር የተገባሁ አይደለሁም ብሎ ሥራውን ተወ። በሌላ በኩል ዳን ሃርሊ በ2018 በኮኔቲከት ተቀጥሮ በአዲሱ ዘመን በ2023 እና በ2024 ተከታታይ ዋንጫ አንሥቷል። እንደ በተርስ ያለ ኃላፊ ዛሬ ሦስት ደካማ ዓመታትን መታገሥ ይችል ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ በዚህ ምክንያት በተደጋጋሚ ይነሣል።

የካንሳስ ምሳሌ

መለኪያ ሲለወጥ መልሱ ምን ያህል እንደሚለወጥ የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ጥሩ ምሳሌ ነው። ቅርጫት ኳስን በ1891 በስፕሪንግፊልድ ከተማ የፈጠረው ጄምስ ናይስሚዝ በ1898 ወደ ካንሳስ የመጣው የጸሎት ቤት ኃላፊና የስፖርት መምህር ሆኖ ነው። ቡድኑን እስከ 1907 መርቶ 55 ጊዜ አሸነፈ፣ 60 ጊዜ ተሸነፈ። በካንሳስ ታሪክ ሽንፈቱ ከድሉ የበለጠ ብቸኛው አሰልጣኝ ጨዋታውን የፈጠረው ሰው ነው።

ሆኖም ከእርሱ ሥር ፎግ አለን ወጣ፤ አለን በካንሳስ ለረጅም ዓመታት ሲያሠለጥን ከተጫዋቾቹ መካከል አዶልፍ ረፕና ዲን ስሚዝ ነበሩ። ረፕ በኬንታኪ 876 ጊዜ አሸንፎ አራት ዋንጫ አነሣ፤ ስሚዝ ያንን ቁጥር በ1997 አለፈው። የስሚዝ ረዳት የነበረው ሮይ ዊሊያምስ ደግሞ በ1988 ራሱን ካንሳስን ተረከበ፣ ኋላም በሰሜን ካሮላይና ሦስት ዋንጫዎችን አገኘ። በድልና በሽንፈት ቁጥር ብቻ ለሚመዝን ሰው ናይስሚዝ ከካንሳስ ቅጥሮች ሁሉ የመጨረሻው ነው። በተማሪዎቹና በተማሪዎቹ ተማሪዎች ለሚመዝን ግን በዚህ ጽሑፍ ከተጠቀሱት ውስጥ ብዙ የሚወዳደረው አይኖርም።